መኪናዋ ተሸጠች፣ ዕዳዋ እኔ ጋ ቀረ

አዲስ አበባ ውስጥ «መኪና ያለው ሰው ሀብታም ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት። ወይ መኪና ኖሮት አያውቅም፣ ወይ ደላላ ነው። እኔ መኪና ሲኖረኝ ድሃ ነበርኩ። ይሄስ የብዙዎቻችን ዕጣ ነው፤ አያስገርምም። የሚያስገርመው መኪናዬ ከተሸጠች በኋላ በዚያችው መኪና ምክንያት የባሰ ድሃ መሆኔ ነው። «የሌለ መኪና እንዴት አድርጎ ያደኸያል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደ እናንተ እል ነበር… ዕዳ ከሜዳ ሲሉ ሰምቼ ተረት ይመስለኝ ነበር። የኔ ዕዳ ግን ከሜዳ አይደለም፤ ከዳገት ነው የመጣው።

የምኖረው ፈረንሳይ ነው። ፈረንሳይ ስላችሁ ቪዛ ምናምን እንዳታስቡ! የካ ክፍለ ከተማ፣ እንጦጦ ግርጌ ያለችው የኛዋ ፈረንሳይ ናት። ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ስለሆነ ተራራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። መኪናዬ ግን ማወቅ አትፈልግም ነበር። ሜዳ ላይ ወይዘሮ ናት፤ ዳገት ካየች ለቅሶ ትጀምራለች። የሰፈሩ ሰው ዕድሜዋን አክብሮ «እማማ» ይላታል። ጠዋት ስትነሳ ታስላለች፣ ስትሄድ ታቃስታለች፣ ከቆመች ደግሞ ቆመች ነው።

ባለቤቴ ጽጌ ብዙ አትናገርም፤ ከተናገረች ግን ይግባኝ የለውም። አንድ ቀን «ይቺን መኪና ለምን አትሸጣትም?» አለችኝ።

«ማን ይገዛታል?»

«ማንም የማይገዛውን ታዲያ አንተ ለምን ገዛህ?»

ይኸው ነው። ይግባኝ የለውም አላልኳችሁም?

ነገሩ የጀመረው የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ ነው። ሙሽሮቹ እንጦጦ ወጥተው ባሕር ዛፍ መሀል ፎቶ ሊነሱ ፈለጉ። (ለዘመናት ማገዶ የለቀምንበት ጫካ ዛሬ የሙሽራ ስቱዲዮ ሆኗል፤ ይሁን።) የሙሽራዋ አባት ማለዳ በሬን አንኳኩ።

«መምህር፣ የአጃቢ መኪና አንሶናል። እማማን ይዘህ ውጣልን።»

«እማማን? እንጦጦ?»

«ምን አለበት፣ ቀስ ብላ ትደርሳለች!»

ሰው ሲያከብራችሁ እምቢ ማለት ከባድ ነው። እማማ ታጠበች፣ አበባ ተለጠፈባት፣ ግንባሯ ላይ ቀይ ሪባን ታሰረላት። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ቀን አምሮባት አያውቅም። ከተሳፋሪ ደግሞ ሦስት የሙሽራዋ አክስቶች ደረሱኝ። ሦስቱም ከባድ ሴቶች ናቸው… በሁለቱም ትርጉም።

ሌሎቹ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉ ሽቅብ ተፈተለኩ። እኛ የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ እማማ አንዴ ተንሰቀሰቀችና ዝም አለች።

«ምነው ቆምክ ልጄ?» አሉኝ ታላቂቱ አክስት።

«ትንሽ ትንፋሽ ትውሰድ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ከፊት የሚወጣው ጭስ ነው እንዴ?»

«ጉም ነው። እንጦጦ መቼም ጉም አያጣውም።»

«ጉሙ ጎማ ጎማ ይሸታል!»

ወረዱ። አክስቶቹ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከኋላ፣ እኔ ከረባቴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ከጎን፣ ገፋን። «ልጅ ልንድር መጣን እንጂ መኪና ልንገፋ መጣን እንዴ!» ትላለች አንዷ። ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች በሳቅ ሸክማቸው ተናጋ። አንዷማ ጮክ ብላ «አይዟችሁ! የኛ ሸክም ይሻላል፤ ቢያንስ እንጀራ ይጋግራል!» አለችን።

በመጨረሻ መንገድ ዳር አስጠግተን ተውናት። አክስቶቹ በሌላ መኪና ሄዱ፤ እኔም ተከትዬ ሠርጉ ቤት ገባሁ። ለመካኒኬ ስደውል «ነገ አብረን እንወጣለን» አለኝ። በማግስቱ ወደ ማታ ይዤው ብወጣ እማማ የለችም። የቆመችበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታና ያ ቀይ ሪባን ብቻ ወድቀዋል። እንደ ተጠለፈች ሙሽራ!

አካባቢው ላይ የቆመ ትራፊክ ጠየቅኩ።

«አሮጌዋ? ክሬን አንስቷታል።»

«ለምን?»

«መንገድ ይዛ ነዋ።»

«እሷ እኮ ስትሄድም መንገድ ትይዝ ነበር!»

አልሳቀም። የተነሱ መኪኖች የሚቆዩበት ግቢ ካራ መሆኑን ነግሮኝ ፊቱን አዞረ።

ካራን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከፈረንሳይ ተነስቶ፣ በመገናኛ ተንገላትቶ፣ ኮተቤን አልፎ ካራ የሚደርስ ሰው ሲደርስ ስንቅ ያስፈልገዋል። ግቢው በአንድ በኩል ጤፍ ማሳ፣ በሌላ በኩል ጅምር ፎቅ አለው። በሩ ላይ ዱላቸውን የተደገፉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ኦቦ ዲንቃ ይባላሉ፣ የግቢው ጥበቃ ናቸው። በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ እኔም የማውቃትን አንዲት ቃል መለስኩ። ከዚያ ወደ አማርኛ መጡልኝ።

«ልትወስድ ነው የመጣኸው ልታይ?»

«ምን ልዩነት አለው፣ ኦቦ?»

«አብዛኛው ሰው አይቶ ነው የሚመለስ።»

እማማ ግቢው መሀል በሌሎች አሮጌዎች ተከባ ቆማለች። ኦቦ ዲንቃ በዱላቸው እግሯ ስር ያለውን መሬት እየነኩ «እዚህ ጋ ባቄላ ነበር የምዘራ» አሉኝ። «መሬቱ የኔ ነበር። ባቄላ ይሻላል፤ ባቄላ ሲደርስ ይነሳል። መኪና ግን አንዴ ከተተከለ…» እጃቸውን አወናጨፉ።

ማናጀሩ ወጣት ነው። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ተቀበለኝ። ኮምፒውተሩን እየነካካ የሚከፈለውን ዘረዘረልኝ፤ የማንሻ፣ የመጎተቻ፣ የማቆያ፣ የጥበቃ…

«ጥበቃው ከምን ነው?» አልኩት።

«ከሌባ ነዋ፣ መምህር።»

«ሌባ ቢወስዳትማ እኔ እከፍለው ነበር!»

«መጎተቻው ደግሞ በኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ እንጦጦና ካራ ማለት… ያው ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ግን በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ያህል ይቺ ክፍለ ከተማ ሰፍታብኝ አታውቅም። የጠራው ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ቀርቶ ቤቴ ውስጥም የለም። ደሞዝ እስኪወጣ ልጠብቅ አልኩ። ደሞዝ ወጣ፤ ሄድኩ። ማቆያው በየቀኑ ይቆጥራልና ደሞዜን ቀድሞት አድጓል። ጎደለ። ከጓደኛ ተበድሬ ሞላሁና ተመለስኩ፤ ጓደኛዬን ስለምን የቆየሁበት ጊዜም ተቆጥሮ ጠበቀኝ። ሮጥኩ፣ እሱም ሮጠ። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ ልብላው ልብላው ነው ይባላል፤ የማናጀሩም ኮምፒውተር ጣቱ በነካው ቁጥር ያንኑ ቅኝት ነው የሚያሰማኝ።

«መክፈል ባልችልስ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ፕሮሲጀሩን ጠብቆ በሐራጅ ይሸጣል።»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰማላችሁ? እኔ የሰማሁት «ይሸጣል» የምትለዋን ብቻ ነው። ለዓመታት ደላላ ያልደፈራት መኪና ልትሸጥልኝ! አፌን ሞልቼ «ሽጧት!» አልኩና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። የተበደርኩትን ለጓደኛዬ መለስኩ። ቤት ስደርስ ጽጌን «ተገላገልን!» አልኳት።

«ማን ነው የተገላገለው?» አለችኝ፣ ከበርበሬዋ ላይ ቀና ሳትል።

ያኔ ያልገባኝ ብዙ ነገር ነበር።

ደግ ጊዜ መጣ። በእግሬ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ቦርጬ ጎደለ። ነዳጅ ጨመረ ሲባል «አይ የሰው ነገር!» እያልኩ ለባለ መኪና ማዘን ጀመርኩ። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ጥምቀትም አለፈ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ጤና ይስጥልኝ መምህር! ከካራ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት፣ መኪናዎ ተሸጣለች። ሂሳብ ለመዝጋት ብቅ ይበሉ።»

እንኳን ደስ ያለዎት አለኝ እኮ! በራሱ አፍ!

ጽጌም ለመጀመሪያ ጊዜ በእማማ ጉዳይ ፈገግ አለች። እዚህ ላይ ስለ ጽጌ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጽጌ የባልትና ሱቅ የመክፈት ሕልም አላት። የሰው በርበሬ ስትቀነጥስ፣ የሰው ሽሮ ስታዘጋጅ፣ የሰው ድግስ ላይ ስታበስል ኖራ የምታገኛትን እያጠራቀመች ዕቁብ ትጥላለች። ያን ሰሞን ዕጣው ደርሷታል። ከሾላ ገበያ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አይታ ቀብድ ልትሰጥ ነው። «የመኪናዋ ብር ሲጨመርበት ወፍጮም እገዛለሁ» አለች። ስለ ወፍጮው ስታወራ ዓይኗ ያበራል። እኔ ለሷ እንዲህ የሚያበራ ነገር አምጥቼ አላውቅም።

በማግስቱ የሠርግ ኮቴን ለብሼ ከጽጌ ጋር ወደ ካራ ጉዞ ጀመርን። ታክሲ ውስጥ ከአንድ የማውቀው ሰው ጋር ተገናኘንና «ተወው፣ እኔ እከፍላለሁ!» ብዬ ሂሳቡን ዘጋሁለት። ገንዘብ ልቀበል ስሄድ ምን አስጨነቀኝ!

ማናጀሩ ወንበር ስቦ አስቀመጠን። ኮምፒውተሩን ወደኛ አዞረው።

«የተሸጠችበት ይኸው። በመኪናዋ ላይ የነበረው ሂሳብ ደግሞ ይኸው፣ እስከ ዛሬ ያለው ማቆያ ተደምሮ። ሲቀናነስ ቀሪው ይሄ ይመጣል።»

ቀሪው ደህና ብር ነው። ጽጌ ጠጋ አለች። «ቀሪው የኛ ነው ማለት ነው?»

«አዎ፣ የእናንተ ነው» አለ።

ተያየን። ፈገግ አልን። እጄን በጠረጴዛው ስር ጨበጥ አደረገችኝ።

«በጥሬው ነው በባንክ የምትሰጡን?» አልኩት።

«የምን መስጠት? የምትከፍሉን እኮ ነው።»

እጄን ለቀቀችው።

«ቆይ፣ ቆይ… መኪናዋ ተሸጣለች አላልክም?»

«ተሸጣለች። የተሸጠችበት ግን ያለባትን አልሸፈነም።»

«እኔ እኮ መኪና የለኝም!»

«መኪና የለዎትም፣ ዕዳ ግን አለዎት።»

«መኪናዋ ስትሸጥ ዕዳዋስ አብሮ አልተሸጠም?»

«ዕዳ ሐራጅ አይወጣም፣ መምህር። ገዢ የለውም።»

እንዲህ ያለ አማርኛ ሲናገር አንዲት የዓይኑ ሽፋሽፍት አልተንቀሳቀሰችም። ካልተከፈለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደሚሄድ፣ ከደሞዜም ሊቆረጥ እንደሚችል በዚያው ለስላሳ ድምፅ አስረዳን። የተጠየቅነው የጽጌን ዕቁብ ጠቅልሎ የሚወስድ ነው። ሰውየው ያየው ይመስል!

በመልሱ ታክሲ ውስጥ ጽጌ ቦርሳዋን አቅፋ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ሾላ ስንደርስ በመስኮቱ ያቺን ክፍል አንገቷን አዙራ እስክትርቅ ድረስ አየቻት። ያን ጊዜ ከመቀመጫው ስር የምገባበት ቀዳዳ ፈለግኩ። አንድ ሰው ሌባ ሆኖ፣ ወይም ቁማርተኛ ሆኖ የሚስቱን ሱቅ ቢበላ አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ሠርግ ባጀብኩ!

ማታ ፍርዷን ሰጠች። «እንዲህ በርካሽ ተሸጠች የሚሉት እውነት መሆኑን በምን አወቅህ? ማን ገዛት? በስንት ገዛት? አጣርተህ ና። ያለዚያ ከዕቁቤ አምስት ሳንቲም አይወጣም።»

ተመልሼ ካራ ሄድኩ። ማናጀሩ ጋ አልገባሁም፤ በሩ ላይ ኦቦ ዲንቃን ጠየቅኳቸው። «አንዲት የእንጦጦ ሴትዮ ናት የገዛቻት» አሉኝ። «ብርቄ ትባላለች። ራጉኤል አካባቢ ሻይ ትሸጣለች። ሂድ፣ ጨዋ ሰው ናት። ብትጮህብህም ጨዋ ናት።»

እሑድ ጠዋት ወደ ራጉኤል ወጣሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ምዕመኑ ነጠላውን እያጣፋ፣ የጠበል ጀሪካኑን እያንጠለጠለ ይወርዳል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ አንድ አጥር ጥግ፣ ባሕር ዛፎቹ ስር አንዲት አረንጓዴ መኪና ቆማለች። መስኮቷ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሏል። ኮፈኖዋ ተከፍቶ፣ ሞተሯ በነበረበት ጉድጓድ የከሰል ምድጃ ገብቶ፣ በላዩ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ይንፈቀፈቃል። ቀለሟ ተለውጦ ነው እንጂ… እማማ!

እኔ ጋም እያለች ትፈላ ነበር እኮ፤ ሻይ የሚቀዳባት መሆኑን ማን ነገረኝ?

አላጋንንም፣ ልቤ ክፉኛ ተነካ። የፈታትን ሚስቱን ሌላ አግብታ፣ ወፍራና ወዟ ግጥም ብሎ ገበያ ላይ ያገኛት ሰው የሚሰማው ስሜት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። ከኋላ መቀመጫዋ ሦስት ሴቶች ዳቦ በሻይ እያጠቀሱ ይጨዋወታሉ። አንዷም አልተገፋችም፣ አንዷም አልገፋችም!

ባለቤቷ (አሁን ባለቤቷ ሌላ ናት) ወፍራም ሹራብ የለበሰች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ቀልጣፋ ሴት ናት።

«ይግቡ ጋሼ፣ ብርድ ነው። ከፊት ይቀመጡ፣ መሪው ጋ።»

ገባሁ። መሪውን ሳላስበው ጨበጥኩት። ሻይ ተሰጠኝ።

«ጥሩ ቤት ነው የሠራሽ፣ ወይዘሮ ብርቄ። በስንት ገዛሻት?»

ነገረችኝ። ማናጀሩ ያለው ዋጋ ነው፤ ሳንቲም አልተዛነፈም።

«ርካሽ ነው» አልኩ፣ ቅር ብሎኝ።

«ርካሽ? ይቺ? ኧረ አይበሉ! ቅጠል ተሸክሜ ወገቤ እስኪጎብጥ ያጠራቀምኩትን ነው ያፈሰስኩባት። ሞተሯን የሚገዛኝ ሳጣ ስንቱን መካኒክ ለመንኩ! የፊተኛው ባለቤቷ እኮ ጨርሷት ነው። ዘይት እንኳ የሚሰጣት ሰው አልነበረም። እሱን ሰውዬ ባገኘው…»

«ምን ትይው ነበር?»

«ምን እለዋለሁ? እግዜር የእጁን ይስጠው!»

ሻዩ ትን አለኝ። «ሰጥቶታል» አልኳት እያሳለኝ። «እኔ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሴ ቃኘችኝ። ከዚያ «አንተ ነህ!» አለች። ልብ አድርጉ፤ እስከ አሁን እርስዎ ነበርኩ። «ታዲያ ምን ልትሆን መጣህ? መኪናዋን ልትመልስ እንዳይሆን! ይኸው ዱላ አለኝ!»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሠርጉን፣ ካራን፣ ቀሪውን፣ የጽጌን ሱቅ። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ኋላ የተቀመጡት ሴቶችም በነጻ አዳመጡ። የጽጌ ሱቅ ጋ ስደርስ ግን ብርቄ ሳቋን አቆመች፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «ምስኪን» አለች። ለኔ አይደለም።

«ለመሆኑ መቼ ነው ከግቢው ያወጣሻት?» አልኳት።

«ክረምቱ ሳይወጣ ነዋ። በጭቃ አይደል የጎተትኳት! መስቀልን ሻይ የሸጥኩት በሷ ነው።»

ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ማናጀሩ ምን ነበር ያለው? «እስከ ዛሬ ያለው ማቆያ ተደምሮ!» ያ ማለት ምን ማለት ነው? እማማ እንጦጦ ላይ መጋረጃ ሰቅላ ሻይ ስታፈላ፣ ካራ ላይ ደግሞ ያው ቆማ በየቀኑ ታስከፍለኝ ነበር ማለት ነው! ሁለት ቦታ በአንድ ጊዜ መገኘት ለጻድቃን እንጂ ለአሮጌ መኪና የተሰጠ ጸጋ መሆኑን አልሰማሁም።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ ካራ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ። እኔንም የስም ማዛወሪያውን ‹የፊተኛው ሰውዬ ሂሳብ ይዝጋ› እያሉ አመላልሰውኛል። ግን ከአሁኑ ልንገርህ፤ መኪና ገዛሁ እንጂ ዕዳ አልገዛሁም። ምስክርነቴ በነጻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አምስት ሳንቲም የለኝም!»

ሦስት ሆነን ሄድን። ጽጌና ብርቄ ታክሲ ውስጥ እኔን መሀል አድርገው ተዋወቁ። ካራ እስክንደርስ ስለ ሽሮ አዘገጃጀትና ስለ እኔ ሞኝነት ሲያወሩ ሙሉ በሙሉ ተስማሙ።

ማናጀሩ ብርቄን ሲያይ ሽቶው ራሱ የደነገጠ መሰለኝ።

«መኪናዋን ከወሰድኳት ወዲያ እሱን የምን ማቆያ ነው የምታስከፍሉት?» አለችው፣ ሳትቀመጥ።

«አይ፣ እሱ… ሲስተሙ ነው። መኪናዋ መውጣቷ ሲስተሙ ላይ አልገባም ይሆናል። ኦቶማቲክ ስለሆነ…»

«ሲስተም ማነው? ይጠራና ይምጣ!»

«ሰው አይደለም፣ እናቴ።»

«ሰው ካልሆነ ታዲያ ሰው ሆነህ አንተ መልስልን!»

ማናጀሩ ላብ ላብ አለውና ኦቦ ዲንቃን አስጠራቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ኦቦ፣ ይቺ ሴትዮ መኪናዋን ስትወስድ አይተዋል?»

«ምን ማየት! በሩን የከፈትኩላት እኔ፣ አብሬ የገፋሁ እኔ። እሷ በወጣች ማግስት ቦታው ላይ ሌላ መኪና አቆማችሁ። እሱም ይከፍላል አሉ።»

«ለአንድ ቦታ ሁለት ሰው ታስከፍላላችሁ ማለት ነው?» አለች ጽጌ፣ ቀስ ብላ።

ከገባን ጀምሮ የተናገረችው እሷን ብቻ ነው። ይግባኝ የለውም አላልኳችሁም? ማናጀሩ ጉሮሮውን ጠረገና ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ አዞረ። መታ፣ መታ፣ መታ… ቀሪው ከግማሽ በላይ ወደቀ። «የቀረው ግን ሕጋዊ ነው» አለን፣ «ሕጋዊ» የምትለዋን ቃል እንደ ጋሻ ይዞ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሲስተምም እንደዚያው። ማንሻው እውነት ነው፣ መጎተቻው እውነት ነው፣ እኔ በኩራት «ሽጧት» ብዬ ከመሄዴ በፊትና በኋላ የቆመችበትም እውነት ነው።

ጽጌ ቦርሳዋን ከፈተች። መቁጠር ስትጀምር ማየት አልቻልኩምና ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነበብኩ። ስትጨርስ ወደኔ ዘወር ብላ «ክፍሏን ለመከራየት ይበቃል» አለችኝ። «ወፍጮው ይቀራል። ለጊዜው በሙቀጫ ነው። ወቃጩ ደግሞ አንተ ነህ።»

«እስከ መቼ?»

«ወፍጮ እስክትገዛልኝ።»

ዕዳዬ ከካራ ወደ ቤቴ ተዛወረ ማለት ነው። ማናጀሩ የከፈልንበትን ደረሰኝ ሲሰጠኝ እጄን ጨብጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሌላ መኪና ሲኖርዎትም አይጥፉ!»

ብርቄ የስም ማዛወሪያዋን ወረቀት ተቀብላ ደረቷ ስር ሸጎጠች። ጽጌ ሱቋን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሷ ሆነች፤ ለሻይዋ ቅመም ከጽጌ ነው የምትወስደው። ሁሉም በሰላም አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። አንድ ቀን ግን ቅመም ልትወስድ መጥታ ሙቀጫ ላይ አገኘችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤትህ ነገሩኝ፤ የመኪናዬ ስኮርታ ጎማ ጓሮህ ተቀምጧል አሉ።»

«እሱ… የኋላ ዕቃ መጫኛዋ አልዘጋ እያለ አውርጄው ነው። ደግሞስ ሞተር የሌላት መኪና መለዋወጫ ጎማ ምን ያደርግላታል?»

«ሰው ይቀመጥበታል! የገዛሁት መኪና ከነሙሉ ዕቃዋ ነው። እስክታመጣው ድረስ ባለዕዳዬ ነህ።»

ጽጌን አየኋት። «እውነቷን ነው» አለች። አለቀ።

እናም በቀደም እሑድ ነጭ ነጠላዬን አጣፍቼ ያን ጎማ እያንከባለልኩ የእንጦጦን ዳገት ተያያዝኩት። ታክሲው ጎማ አልጭንም ብሎኛል። ትንሽ እገፋለሁ፣ ትንሽ ተደግፌው አርፋለሁ። ወደ ራጉኤል የሚወጣው ምዕመን መንገድ እየለቀቀልኝ በአክብሮት ያሳልፈኛል። አንዲት እናትማ ጎማውን ዳሰስ አድርገው ተሳለሙት። ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ አንድ አዛውንት መነኩሴ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙና በሐዘኔታ አዩኝ።

«አይዞህ ልጄ። ስለትህን ልታደርስ ነው?»

ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ የነገሩን ርዝመት ሳስበው፣ ማሳጠር ይሻላል አልኩ።

«አዎን፣ አባቴ።»

«ምን ብለህ ተስለህ ነበር?»

«መኪናዬ እንድትሸጥልኝ።»

«ቅዱስ ራጉኤል ሰማህ?»

«ሰምቶኛል አባቴ። ዋጋ መጥራቱን ግን ረስቼዋለሁ።»